ፍሬን ጮኾ አያውቅም

መስከረም 12

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤና ካንቺ አይራቅ፣ በወጣሽ በገባሽበት ሁሉ ይቅናሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን አርባ ዓመት መኪና ሥር ሲተኛ የኖረ ስለሆነ አልፈርድበትም።

አራት ጊዜ ደውለሽ እንደነበር ከስልኩ ላይ አየሁ። እዚህ መስመሩ የማይረባ ሆኗል፤ ቢያነሱትም የረባ ነገር አይወጣውም። ደብዳቤ ይሻላል። ደብዳቤ አይቆራረጥም፣ የወደድኩትንም መስመር መልሼ መላልሼ አነበዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ውሻ አለኝ። አትሳቂ።

ያቺን ነጭ መኪናውን በየወሩ ጋራዥ የሚያመጣውን መሐንዲስ ታስታውሺዋለሽ። በሥራ ወደ ሌላ አገር ተዛወረና «ለሁለት ሳምንት ብቻ ያዙልኝ፣ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ» ብሎ ውሻውን ጥሎብኝ ሄደ። ይኸው ስድስተኛ ወሩን ያዘ። ሰውም አልላከ፣ እሱም አልተመለሰ። ውሻው የጃፓን ዘር ነው፣ አኪታ ይሉታል። ጥጃ የሚያህል፣ ደረተ ሰፊ፣ ጆሮዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ጭራው ጀርባው ላይ የተጠቀለለ፣ ቀለሙ ከላይ ዝገት ከሆዱ ነጭ ነው። የመጣበት ስም ምላሴን አቃተው፤ ስለዚህ ፍሬን አልኩት። ለምን ብትዪ፣ መንገድ ላይ ካሰኘው አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል፤ በቃ፣ ቆመ ማለት ቆመ ነው። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት መንገድ መሃል ቆሞ እኔ ስጎትት እሱ ሲያየኝ ከኋላችን አውቶቡስ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ገፋልኝ። አልተነቃነቀም።

ችግሬ ይህ ነው። «ተቀመጥ» ስለው መጀመሪያ ይቀመጣል። ሁለተኛ ስለው ፊቴን ያየኛል። ሦስተኛ ስለው ተነስቶ ሄዶ ግድግዳ ያያል። ሠላሳ ጊዜ ደጋገምኩበት። አልነሳ ያለ ሞተር እንኳ በሠላሳኛው ይነሳል። አንቺ ሆስፒታል ስለምትሠሪ መላ አታጪም ብዬ ነው። ታካሚዎችሽ አራት እግር እንዳላቸው ለሰፈሩ አልተናገርኩም፤ ክብርሽን ጠብቄልሻለሁ።

አጎትሽ

ጥቅምት 3

እንደ አባት ላሳደጉኝ ለጋሼ፣

ባሉበት ጤናና ሰላም ይብዛልዎ፤ ወገብዎንም ፈጣሪ ያጽናልዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ምሳ ላይ ነበር። አውቶቡሱ የቆመበት ጋ ስደርስ የጠጣሁት ውሃ በአፍንጫዬ ወጣ። አትሳቂ ብለውኝ ነበር፤ ይቅርታ።

ስለ ሆስፒታሉ ላመስግንዎ ወይስ ልቆጣ? እኔኮ ያለሁት ከእንስሳት ሆስፒታሉ ጓሮ ባለው የውሻ ማቆያ ነው። አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አንሸራሽራለሁ፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ የአሠልጣኝነት ትምህርቴን እማራለሁ። ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ለሰፈሩ የነገሩትን አንድ ቀን መጥቼ አፈርሰዋለሁ።

ደብዳቤዎን ለአለቃዬ ወደዚህ አገር ቋንቋ ተርጉሜ አነበብኩላት። ከስልሳ ዓመቷ አርባውን ከውሻ ጋር የኖረች ሴት ናት። «ግድግዳ ያያል» ያሉት ጋ ስደርስ ራሷን ነቀነቀችና «ውሻው ደህና ነው። ማሠልጠን ያለብን አጎትሽን ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው ጋሼ። እነዚህ ውሾች በበረዷማ ተራራ አገር ድብ ለማደንና ቤት ለመጠበቅ የኖሩ ናቸው። ድብ ፊት የቆመ ውሻ ጌታው እስኪያዘው አይጠብቅም፣ ራሱ አስቦ ይወስናል። ስለዚህ ፍሬን ገና በመጀመሪያው ገብቶታል። ሲደግሙለት ግን እርስዎ ያልገባዎት ነገር ያለ ይመስለዋል። አንዴ ይበሉት፣ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። ሲያደርገው ጣት የምታህል ጉበት ይስጡት። በቀን ሁለቴ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሁልጊዜም ያወቀውን ነገር አሠርተው ይጨርሱ። ዱላ ፈጽሞ አይሆንም፣ ይቀየማል፣ ቂሙም ረጅም ነው። አይጩኹበት። ሲበላ አይጠጉት። እንግዳ ሰው ሲመጣ እርስዎ ቀድመው ሰላም ይበሉ፣ እሱ የእርስዎን ፊት አይቶ ነው ሰውን የሚቀበለው።

አንድ ጥሩ ነገርም አለው፤ ዝምተኛ ዘር ነው። አኪታ ከጮኸ ምክንያት አለው። የእርስዎ ይጮኻል?

ሌላው ስለ ስልኩ ነው። እባክዎ አንድ ቀን ብቻ ያንሱት። ድምፅዎን ካጣሁት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ስሄድ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ «ዕድሜዬን ዘይት ውስጥ አልጨርስም» ብዬዎት ነበር። ጋራዡን እንድረከብልዎ ፈልገው እንደነበር አውቃለሁ። ያ ነገር ቅር አሰኝቶዎት እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ከዝምታ ቁጣ ይሻለኛል።

ልጅዎ

ጥቅምት 28

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ አለቃሽንም ስለ ስድቧ አመስግኚልኝ።

ሠራ! «ተቀመጥ» አልኩት፣ አንዴ። ከዚያ አፌን ዘጋሁ። እኔ አፌን ስዘጋ ምን ያህል እንደሚከብደኝ አንቺ ታውቂያለሽ። አየኝ፣ አየሁት፣ ኪሴን አየ፣ ተቀመጠ። አሁን «ና»፣ «ቆይ» እና «ልቀቅ» ያውቃል። «ልቀቅ»ን ያወቀው የግራ ጓንቴን ከበላ በኋላ ነው። አምስት ደቂቃ ብለሽኝ ነበር፣ እኔ ልፈትነው ብዬ አስራ አምስት አደረግሁት። በስድስተኛው ደቂቃ ጉበቱን ከኪሴ ራሱ አውጥቶ ሄደ። ጠዋት ጋራዡን ስከፍት ቀድሞኝ ይገባል፣ መኪናዎቹን አንድ በአንድ ያሸታል፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ እንድገባ ይፈቅድልኛል። ደህና ሠራተኛ ነው፣ ደመወዝ አይጠይቅም።

አይጩኹበት ያልሽው ግን አልገባኝም። እኔ የምናገረው በተለመደው ድምፄ ነው። ይልቅ ዘንድሮ የሚያስቸግረኝ ሰው ነው። ሁሉም ቃሉን ከጥርሱ ሥር አላምጦ ነው የሚናገረው። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ካላስደገምኳቸው አይገባኝም፤ ሲደግሙም ይቆጣሉ። ፍሬን ይሻላል።

ይጮኻል ወይ ላልሽው፣ አይጮኽም! ሰባት ወር ሊሞላው ነው፣ አንዲት ድምፅ አልወጣውም። አልፎ አልፎ አፉን እየከፈተ ከማዛጋት በቀር። ግን ጉድ ስሚ። አከራይዬ፣ ፎቁ ላይ የምትኖረው የሒሳብ አስተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ቤቷ እየጠራች እንደምታስተምር ታውቂያለሽ። ሰኞ ዕለት ደረጃውን ወርዳ መጣችና ውሻህ በቀን አስር ጊዜ እየጮኸ ተማሪዎቼን አስደነበረ አለችኝ። እኔ እሱ አጠገብ ውዬ የማድር ሰው! ሒሳብ የምታስተምር ሴት ከዜሮ ላይ አስር ቆጠረች። ጋራዡን ለሌላ ልታከራየው ፈልጋ ሰበብ እየፈለገች ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። የዚህ ዘር ጠባይ ዝምታ መሆኑን ጽፈሽ በሆስፒታሉ ማኅተም አድርገሽ ላኪልኝ። የእንስሳት መሆኑ ቢታይም ለዚህ ጉዳይ አልቀየምም።

ስለ ስልኩ መስመሩ ነው ብያለሁ።

አጎትሽ

ኅዳር 17

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ፍሬንም ጤና ይስጥልኝ። «ልቀቅ»ን በአንድ ጓንት መማሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ አንዱ አኪታ ሶፋ ፈጅቶ ነው የተማረው።

የጠየቁኝን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ፤ ለአከራይዎ ይስጡልኝ። «ይህ ዘር ያለ ምክንያት የማይጮኽ፣ ረጋ ያለና ቤቱን የሚወድ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ አለቃዬ ፈረመች፣ ማኅተሙም አለበት። ከሥር አድራሻዬን ጨምሬያለሁ፣ ጥያቄ ካላቸው እንዲጽፉልኝ። እርስዎ አይጮኽም ካሉ አይጮኽም። ሞተር ከመንገዱ ማዶ ሲያልፍ ሰምተው «ሦስተኛዋ ካንዴላ ሞታለች» የሚሉ ሰው ናቸው፤ የውሻ ጩኸት አያመልጥዎትም።

ትናንት እርስዎን አስታወስኩ። አንድ የሚፈራ ውሻ ሲመጣልን ደረቱ ላይ እጄን አደርጋለሁ፤ ማጉረምረሙ ለጆሮ ሳይደርስ በእጄ ይሰማኛል። ይህን ከየት ተማርሽው ብላ አለቃዬ ጠየቀችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ መዳፌን ይዘው ሞተሩ ላይ አድርገው «ውስጡ የሚሽከረከረው ኩሽኔታ ሲያልቅ እጅሽን ይኮረኩርሻል» ያሉኝን ነገርኳት። ዘይት ውስጥ አልቀረሁም፣ ግን ከዘይቱ ብዙ ነገር ይዤ ነው የወጣሁት። ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

የጠየቅኩዎትን አልመለሱልኝም። ተቀይመውኝ ከሆነ ይቆጡኝ። በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 22

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ወዲያው አልመለስኩም፤ የምጽፈው ደግ ነገር አልነበረኝም።

አከራይዬ ወረቀትሽን አንብባ ሳቀች። ከዚያ መሳቁን ተወችና እስከ ጥር መጨረሻ ወይ ውሻው ይውጣ ወይ የጋራዡን ቁልፍ መልስ አለችኝ። ማኅተሙን በጣቷ እየነካካች «ምክንያት አለው ይላል፤ ምክንያቱን ፈልግ» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ፣ በዚህ ዕድሜያችን ውሸት ትጀምራለች አላልኩም ነበር።

ከጎናችን ያለው መጋዘን ዘበኛ እኔ እወስደዋለሁ ይላል። በሰንሰለት አስሮ አጥር ሥር ሊያቆመው ነው። ፍሬን በሰንሰለት! ሰው ሲያዘው ቆም ብሎ የሚያስብ ውሻ! አልሰጠውም። ጋራዡን ብለቅ ግን የት አባቴ እገባለሁ? ጠዋት እሱ ሳይፈቅድልኝ በር መክፈት ራሱ ከብዶኛል። ወድጄዋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት።

በዚህ ላይ አዲስ አመል አመጣ። እጄ ሞተር ውስጥ ሳለ መጥቶ በአፍንጫው ጉልበቴን ይገፋኛል። ዝም ስለው ደግሞ ይገፋኛል። ከዚያ የሱሪዬን ጫፍ ይዞ ይጎትተኛል። ሁለት ሱሪ ቀዶብኛል። ትናንት ተናድጄ ጓሮ ዘጋሁበት። ይህን አመል እንዴት ነው የማስተወው? ባለፈው ማክሰኞም አንዱ ደንበኛ ሩብ ሰዓት በር አንኳኩቼ አልከፈቱልኝም ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ! ሰው ሁሉ ምን ነካው?

አጎትሽ

ጥር 8

ለምወድዎ ለጋሼ፣

ፈጣሪ ልብዎን ያረጋጋልዎ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይኼኛው ይሂድ።

ከእርስዎ ደብዳቤ ሁለት ቀን ቀድሞ የአከራይዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። አይቆጧቸው፣ አድራሻዬን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ከጻፉት ላይ ይህችን ልገልብጥልዎ፦

«ልጄ፣ ማኅተምሽ ያምራል። ነገር ግን ውሻው ሰው በር ሲያንኳኳ ይጮኻል። አጎትሽ በሩን ካልከፈተ እስኪከፍት ይጮኻል። ማክሰኞ ዕለት አንድ ደንበኛ ሲያንኳኳ ወርጄ በጋራዡ መስኮት አየሁ። ውሻው ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ። አጎትሽ ከውሻው ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን ያጥባል። ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። እልኸኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ እልህ ግን አይቼ አላውቅም።»

ይህን ለአለቃዬ አነበብኩላት። እሷ ስለ ውሻው ምንም አልጠየቀችኝም። «አጎትሽ ዕድሜው ስንት ነው?» አለችኝ። ቤቴ ሄጄ ደብዳቤዎችዎን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ እንደገና አነበብኳቸው። መስመሩን። ከጥርስ ሥር የሚናገሩትን ሰዎች። አፉን የሚከፍተውን ፍሬን።

ጋሼ፣ ምንም አልልም። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። አከራይዎን በሩን እንዲያንኳኩ ይለምኗቸው። እርስዎ ፍሬን አጠገብ ይቀመጡና መዳፍዎን ደረቱ ላይ፣ ከጉሮሮው ዝቅ ብሎ፣ ያድርጉ። ለእኔ እንዳሳዩኝ አድርገው። ከዚያ ያገኙትን ይጻፉልኝ።

ሱሪ መጎተቱን እንዳያስተዉት። እንዳይቆጡት። ጓሮ እንዳይዘጉበት። ለዚህ ምክንያት አለው።

በጣም ነው የምወድዎ።

ልጅዎ

ጥር 26

ለልጄ፣

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሦስት ቀን ተቆጣሁሽ። በአራተኛው ቀን ደረጃውን ወጥቼ አከራይዬን «አስር ሰዓት ላይ ተማሪዎችሽ ሲሄዱ በሬን አንኳኪልኝ፣ ለምን አትበይኝ» አልኳት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀችልኝ።

የዘይት ሳጥኑን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። ፍሬን መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። መዳፌን ደረቱ ላይ አደረግሁ፤ ጠጉሩ ሙቅ ነበር፣ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል። ከዚያ ጆሮዎቹ ወደ በሩ ዞሩ። ደረቱ ጠነከረ። አፉን ሲከፍት አየሁት፣ ያው ሁልጊዜ የማየው ማዛጋት ነው። ያኔ መዳፌን መታኝ።

ሞተር ሲነሳ የመጀመሪያዋን ምት ታውቂያታለሽ፣ እሷን ነው የሚመስለው። ደግሞ መታኝ። ደግሞ። ክንዴ ድረስ ይሰማኛል፣ ጆሮዬ ግን ባዶ ነው። ቆጠርኩ። አስራ አንድ። ሴትዮዋ አንድ ቀንሳልኝ ነበር።

ለካ ይህ ሁሉ ወር ሲጠራኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነው፣ ያዛጋል፣ እያልኩ ብሎን አጥባለሁ። ጮኾ ሲያቅተው ነው በአፍንጫው የመጣው። በአፍንጫው ሲያቅተው ሱሪዬን ያዘ። እኔ ደግሞ ጓሮ ዘጋሁበት። ልጄ፣ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብዬ ውሻውን አቅፌ አለቀስኩ።

በሩ ክፍት ስለነበር አከራይዬ ገባች። ቆማ አየችን። አንዳች ነገር ተናገረች፣ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ከኪሷ ጠመኔ አወጣችና ጎንበስ ብላ ሲሚንቶው ላይ ጻፈች፦ «ከመቼ ጀምሮ?» አራት ብዬ ጣቴን አሳየኋት። «ወር?» ብላ ጻፈች። ዓመት አልኳት። ከሥሩ «ጋራዡን ልቀቅ ያልኩህ ቀርቷል። ውሻውን አሠልጥነው» ብላ ጽፋ ወጣች። ሦስቱን መስመሮች እስካሁን አላጠብኳቸውም።

የግራው ጆሮዬ ነው ቀድሞ የሄደው። የቀኙ ተከተለ። መኪና ላይ ሳይሆን ሰው ላይ ነው የተቸገርኩት፤ የሚለኝን አፉን እያየሁ ነው የምገምተው። ሞተሩን በመዳፌ እሰማዋለሁ፣ ሲብስ የካቻቪቴውን እጀታ በጥርሴ ነክሼ ጫፉን ብረቱ ላይ አስደግፋለሁ፣ ንዝረቱ በጥርሴ ይደርሰኛል፤ ማንም ልብ አላለኝም። መድከሙን አውቅ ነበር። ይህን ያህል መሄዱን ግን አላወቅኩም። ያልሰማሽው ነገር መቅረቱን ማን ይነግርሻል?

ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳሁልሽ ቀን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ሰከንዱ ይቆጥራል፣ አንቺ እየተናገርሽ ነው፣ ለእኔ ግን ምንም የለም። «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ነኝ» ብዬ ዘጋሁት። ምን ብለሽኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲበራ ባየሁ ቁጥር ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ብነግርሽ ትምህርትሽን ጥለሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ።

ቂም ያልሽውን ግን ከልብሽ አውጪው። «ዕድሜዬን ዘይት ውስጥ አልጨርስም» ያልሽውን እኔም በሃያ ዓመቴ መካኒክ ለነበረው አባቴ ብዬው ነበር። ጣቢያው ላይ ስትዪኝ በልቤ የእኛ ልጅ ናት አልኩ እንጂ አልተቀየምኩም።

አሁን ንገሪኝ። ይህን ውሻ እንዴት ልካሰው?

አጎትሽ

የካቲት 13

ለምወድዎ ለጋሼ፣

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። «ያዛጋል» ያሉትን ሳነብ እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ ውሾቹ ሁሉ ተነስተው አዩኝ። አለቃዬም ሰምታ ሳቀች፣ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

ያን ዕለት በስልክ ያልኩዎትን ልንገርዎ፤ «ናፍቀውኛል» ነው ያልኩት። እርስዎም «እሺ፣ እሺ» አሉኝ። ስለዚህ ትክክል ነው የመለሱልኝ።

ፍሬንን የሚክሱት እንዲህ ነው። እሱ የሚማረው ብዙ አልቀረውም፣ ብቻውን ተምሮታል። ይህን ሰው በጩኸት ማግኘት አልተቻለም፣ ሌላ መንገድ ልፈልግ ብሎ ወሰነ፤ ይኼ ነው የዘሩ ጠባይ። እርስዎ ደግሞ አሁን መልስ መስጠት ይማራሉ። በአፍንጫው ሲገፋዎ እጅዎ ምንም ውስጥ ቢሆን ያውጡት። «ጎበዝ» ይበሉት፣ አንዴ። ከኋላው ይሂዱ፤ ወዳሳየዎ ቦታ ሲደርሱ ጉበቱን እዚያው በሩ ላይ ይስጡት። ሱሪዎን ሲጎትት አይስጡት፣ ለአፍንጫው ብቻ። አፍንጫው እንደሚበቃ ሲያውቅ ጩኸቱን ራሱ ይተወዋል። ከበሩ ቀጥሎ ስልኩን ያስተምሩት። ስልኩ እንዲንቀጠቀጥ አድርገው ጣውላ ላይ ያስቀምጡት።

የጆሮ ሐኪም ጋም ይሂዱ። ይህን ሁለተኛ አልደግመውም፤ ገብቶዎታል።

ትምህርቴንም አልተውም። ግን ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ መጥቼ የምጀምረው ሥራ ምን እንደሆነ አሁን አውቄዋለሁ። እንደ ፍሬን ያሉትን አሠልጥኜ እንደ እርስዎ ላሉት እሰጣለሁ።

ልጅዎ

መጋቢት 9

ለልጄ፣

በረከት ይብዛልሽ። መላ ሰውነቴ ጉበት ጉበት ይሸታል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

በአስራ ሁለት ቀን ጨረሰው። እኔ ነኝ የዘገየሁት። የመጀመሪያው ቀን ሲገፋኝ «ቆይ፣ ይህችን ብሎን ልፍታ» አልኩት፤ ሄዶ ግድግዳ አየ። ከዚያ በኋላ ቆይ ብዬው አላውቅም። አሁን ሰው ሲያንኳኳ ይመጣል፣ አፍንጫውን መዳፌ ውስጥ ያደርጋል፣ ቀድሞኝ ይሄዳል። መንገድ ላይ ከኋላችን መኪና ክላክስ ሲያደርግ አራት እግሩን ይተክላል፤ ድሮም ለዚያ ነበር የሚቆመው ይሆን እያልኩ ነው። የአውቶቡሱ ሾፌር እንኳ አሁን ሲያየን እጁን ያወጣልናል።

በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቅያለሁ፣ «አንኳኩና ጠብቁ፣ ውሻው ይጠራኛል» የሚል። አከራይዬ ጩኸቱን በየሳምንቱ ቆጥራ ሲሚንቶው ላይ ትጽፍልኛለች። መጀመሪያ ሃያ ስድስት ነበር፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት። ሁለቱም ለድመት ነው፣ ለዚያ ተጠያቂ አይደለሁም። ከዚህ ቁጥር ሥር «ዜሮ ላይ ሲደርስ እንዳይናፍቀኝ» ብላ ጽፋለች።

ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። የግራው አልቋል አለኝ። ለቀኙ አንዲት የመስሚያ መሣሪያ ታዝዛለች፣ ሦስት ወር ትፈጃለች፣ ምን ያህል እንደምትረዳኝ ሲመጣ ይታያል። ፊቴን እያየ ስለሚናገር ወደድኩት።

አሁን የምለምንሽን ስሚ። እሁድ አስር ሰዓት ላይ ደውዪልኝ። ስልኩን ጣውላው ላይ አስቀምጬ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ሰዓት አላይም። ሲጠራ ፍሬን ይነግረኛል፣ አነሳዋለሁ። የምትዪውን አልሰማም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ብቻ እናገራለሁ፣ የሁለት ዓመቱን ወሬ ሁሉ። ጨርሼ ዝም ስል ስልኩን ፍሬን ጆሮ ላይ አደርገዋለሁ። ያን ጊዜ አንቺ ተናገሪ። ስለ ልጅነትሽ፣ ስለ ውሾችሽ፣ የፈለግሽውን። ዓይኔን ከጆሮዎቹ ላይ አላነሳም። ቀጥ ሲሉ ድምፅሽ ቤቴ እንደገባ አውቃለሁ።

አጎትሽ